ሃንግዡ ላይ የማይወርደው መንገደኛ

ከሻንግሃይ ሆንግቺያው ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ዪዉ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ቢፈጅበት ነው። መሃል ላይ ሃንግዡ ይቆማል። በሩ ተከፍቶ ግማሹ ተሳፋሪ ሻንጣውን እየጎተተ ይወርዳል፣ ሌላው ይገባል፣ ባቡሩም ይቀጥላል። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ትኬቱ ዪዉ ይላል፤ ሐሳቡም ዪዉ ነው፦ የሚቆጠር ካርቶን፣ የሚጫን ኮንቴይነር፣ ዋጋ ሳይጨምር መፈረም ያለበት ውል። በዚህ መስመር ስንት የአገራችን ሰው እንደተመላለሰ የአዲስ አበባ ሱቆች ራሳቸው ይመሰክራሉ። ቻይናውያን ራሳቸው ለማየት የሚጓጉላትን ከተማ በባቡር መስኮት አይቶ ማለፍ ግን የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኖ ቆይቷል።

ነገሩን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከልደታ ማርያም ብንጀምረው ይቀላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ቦሌ ገና አልተሠራም፤ የአውሮፕላኑ መናኸሪያ የልደታ ሜዳ ነበር። አሮጌው ኤርፖርት የሚለው የሰፈር ስም የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። አሁን በዚያው አካባቢ በድልድይ ላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር የቻይና ሥራ ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ከሚጋሯቸው ጣቢያዎች አንዱ ልደታ ሆነ። የቻይና ኤምባሲም ብዙ ሳይርቅ ጅማ መንገድ ላይ ይገኛል። ቪዛ ጠያቂው፣ ዕቃ አስመጪው፣ ባቡር ጠባቂው ሁሉ በዚህ ሠፈር ይተላለፋል።

ከልደታ የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ መጋረጃ የሚሸጡ አንዲት ነጋዴ ቻይናን ከጓንዡ እስከ ዪዉ ያውቋታል። «እትዬ፣ ሃንግዡንስ አይተዋታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልፌባታለሁ» አሉኝ፣ ጨርቁን በሜትር እየለኩ። «ግን ተኝቼ ነው የማልፈው። ኮንቴይነር የሚጠብቅ ሰው ሐይቅ ያያል እንዴ ልጄ?»

መልሳቸው የሃምሳ ዓመቱን ታሪክ ባጭሩ ይናገራል። ኢትዮጵያዊ ወደ ቻይና ሲሄድ የኖረው በጉዳይ ነው። ጉዳዩ በየዘመኑ ይለዋወጣል እንጂ ያለ ጉዳይ፣ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው የታየው በቅርቡ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ የመንግሥት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ጥር 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተገናኙት አሥመራ ላይ ነው። ሁለቱ አገሮች ኅዳር 1963 ዓ.ም. ሙሉ የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ። በዓመቱ ገደማ፣ መስከረም 1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ገብተው ከማኦ ጋር ተጨባበጡ። ከዚያ ጉዞ የተገኘው ብድር በኋላ የወረታ–ወልድያን መንገድ ወለደ። ጋይንትን አቋርጦ የሚሄድ የወሎና የጎንደር መንገደኛ ቻይናን ሳያያት ሥራዋን የረገጠው ያኔ ነው። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዳችን ወደ ቻይና በመብረር ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆነ። እንግዲህ አውሮፕላኑ ነበረን፤ ጎብኚ ግን አልነበረንም። ቻይና በባህል አብዮት ውስጥ ስለነበረች የውጭ ሰው የሚያየው አስተናጋጆቹ ያሳዩትን ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ እኛም ደርግ ውስጥ ገባን። የደርግ ልብ ወደ ሞስኮ ስላዘነበለ ተማሪው ለሶቪየት፣ ለኩባና ለምሥራቅ ጀርመን ታጨ፤ ተራው ሰው ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልገው ነበር። ለሽርሽር ቻይና ልሂድ የሚል ቢገኝ ጤንነቱ ነበር የሚጠረጠረው።

ሁለተኛውን ጉዳይ ያመጣው ነጋዴው ነው። የመርካቶ ሰው መጀመሪያ የለመደው ዱባይን ነበር። ዱባይ የሚገዛው ዕቃ ከየት እንደሚመጣ ሲገባው ወደ ምንጩ ወረደ፤ ከአዲሱ ሺህ ዓመት ዋዜማና ማግስት ጀምሮ «ጓንዡ» የአዲስ አበባ ቃል ሆነ። የከተማዋ የካንቶን የንግድ ትርኢት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በየዓመቱ ፀደይና መኸር ላይ ይከፈታል፤ በዙሪያውም አስተርጓሚው፣ ካርጎ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ ተሰባሰበ። ከጓንዡ ቀጥሎ ዪዉ መጣች። ሰዎቿ ድሮ በየመንደሩ እየዞሩ ስኳር በዶሮ ላባ የሚለውጡ አዟሪዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተው ገበያ ዛሬ 75,000 ገደማ ሱቆች አሉት። ከአዝራር እስከ ገና ዛፍ የሌለ የለም። ነጋዴያችን የሚያርፈው ከገበያው አጠገብ፣ የሚበላው ካገር ልጅ ቤት፣ የሚያወራው ከኤጀንቱ ጋር ነው። ጓንዡም ጥንታዊ ከተማ እንደሆነች ብዙው ሰው ልብ አይላትም፤ የቼን ቤተሰብ አዳራሽ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ መስጊድ፣ የሻሚያን ደሴት አሮጌ ሕንፃዎች ከጅምላ ገበያው በታክሲ አጭር መንገድ ናቸው።

ነጋዴውን አልወቅሰውም። ዶላሩን በስንት ልፋት አግኝቶ፣ የሆቴሉን ሌሊት ቆጥሮ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን መዝናናት ከትርፉ የሚቀነስ ሆኖ ይሰማዋል። ደግሞም ባህላችን ራሱ መንገድን ከጉዳይ ጋር ነው የሚያስበው። ላሊበላ ለገና፣ ግሸን ለመስቀል፣ ቁልቢ ለገብርኤል እንሄዳለን። ጎንደርን ለማየት ብቻ አውቶቡስ የተሳፈረ ከዘመዶቻችን ስንት ይሆን?

አትሌቶቹም እንደዚያው ናቸው። ቤጂንግን በስማችን ያስጻፉት እነሱ ነበሩ፤ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ በየፊናቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቁን ጠቅልለው አመጡ፤ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስሙ የሚያስታውሰው ያንን ድል ነው። ከዚያ ወዲህ ሯጮቻችን ስማቸውን እንኳ ያልሰማናቸውን ጥንታዊ ከተሞች ረግጠዋል። ሞስነት ገረመው በግማሽ ማራቶን ደጋግሞ ያሸነፈባት ያንግዡ የቦይና የሐይቅ ከተማ ናት። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳፍ ፀጋይና ፍሬወይኒ ኃይሉ በዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ወርቅ ያጠለቁባት ናንጂንግ ደግሞ የሚንግ ዘመን ግንቧን እስከ ዛሬ ይዛለች። ሯጭ ግን ሆቴል፣ መም፣ ኤርፖርት ነው። ከነሱ ይልቅ ከተሞቹን የኖሩባቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ሃንግዡ፣ ሺያን፣ ዉሃን የገቡት ልጆች ቋንቋውን ለምደው፣ በብስክሌት ዞረው፣ የሚበላበትን አውቀው ተመለሱ። ዛሬ ለጉብኝት የሚሄደው ሰው የሚመራው በነሱ ምክር ነው፤ በአማርኛ የሚሠሩት አጫጭር የጉዞ ቪዲዮዎችም በብዛት የነሱ ናቸው።

እንግዲህ ባቡሩ ሃንግዡ ሲቆም የሚወርድ ሰው ምን ያያል?

ስትጀምር ኪስህ ውስጥ ካለው ጀምር። የአንድ ዩዋን ብር ጀርባ ላይ ሐይቅ አለ፤ ከውኃው ውስጥ ሦስት ትናንሽ የድንጋይ ማማዎች ብቅ ብለዋል። ነጋዴዎቻችን ይህን ብር ሲቆጥሩ ኖረዋል። ሥዕሉ የሃንግዡ ምዕራብ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ ከሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ስለሆነ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው ጣና አጠገብ ኩሬ ቢባል አይከፋውም። ዙሪያውን በእግር ለመዞር ግማሽ ቀን ይበቃል። በሦስት ወገን ኮረብታ፣ በአንድ ወገን ከተማ አለው።

የማማዎቹ ነገር ለኛ ሰው የበለጠ ቅርብ ነው። በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሱ ዶንግፖ የሚባል ባለቅኔ የሃንግዡ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ሲደርስ ግማሽ ያህሉን ሐይቅ አረም ውጦታል፤ ውኃው እየደረቀ፣ ገበሬው እየተቸገረ ነበር። ሰውየው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ጽፎ ገንዘብ አስፈቀደ፤ ብዙ ሺህ ሠራተኛ አሰልፎ አረሙንና ጭቃውን አስወጣ። የወጣውን ጭቃ የት ይድፋው? ከሐይቁ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው እየከመረ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የመሬት ድልድይ ሠራበት፣ ዳርና ዳሩን ዛፍ ተከለበት። ዛሬ በስሙ የሚጠራው፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት መንገድ ያ የአረም ክምር ነው። ሦስቱን ማማዎችም ውኃው ውስጥ ያቆመው ለጌጥ አልነበረም፤ ከዚህ ወዲህ ማንም የውኃ ተክል እንዳይተክል ወሰን ይሆኑ ዘንድ ነው። ያሁኖቹ በሚንግ ዘመን እንደገና የተተከሉ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ እምቦጭ ጣናን ሲያለብሰው ያየ ሰው፣ በየዓመቱ በዘመቻ እየታጨደ ተመልሶ መብቀሉን የሚያውቅ ሰው፣ ያን ድልድይ ከሌላው ጎብኚ በተለየ ዓይን ይረግጠዋል። ለዚህ ለዚህስ ከባሕር ዳር አንድ የልዑካን ቡድን ለጉዳይ ብሎ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

ሃንግዡ ከ1138 እስከ 1276 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሶንግ ሥርወ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ማርኮ ፖሎ በመጽሐፉ ውበቷን ያጋነነላት ከተማ ናት። ወደ ሰሜን የሚዘረጋው ታላቁ የውኃ ቦይ ጫፉ እዚህ ነው። ከሐይቁ ምዕራብ፣ በጫካ ውስጥ፣ በ328 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተ የሚነገርለት ሊንግዪን ገዳም አለ፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የኖራ ድንጋይ ኮረብታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ተፈልፍለውበታል። ዓለት ፈልፍሎ መጸለይ ለኛ እንግዳ ስላልሆነ ላሊበላን ያየ ሰው አይደነቅም ይሆናል፤ ግን ቆም ብሎ ያያል።

ከሁሉ ለኔ የሚጥመኝ የሎንግጂንግ የሻይ መንደር ነው። ፀደይ ላይ ከየቤቱ ደጃፍ የጋለ የብረት ድስት ተጥዶ ሻይ ቅጠሉን በእጃቸው፣ ያለ ማማሰያ ይቆሉታል። መዳፍ ቅጠሉን ወደ ድስቱ ግድግዳ ይጫናል፣ ያነሳል፣ ይበትናል፤ ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሽታው የተቆላ ለውዝ ለውዝ እስኪል ድረስ። ከልጅነቷ ጀምሮ ቡና ስትቆላ ያደገች ሴት እዚያ ብትቀመጥ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፤ መቼ እንደሚወርድ በሽታው ታውቃለች። ቡናችንስ ቢሆን ሃንግዡን ቀድሞን ገብቷል። አሊባባ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጥር አካባቢ በገበያ መድረኩ የቀጥታ ስርጭት የቀረበው ከ11,000 በላይ ፓኮ የኢትዮጵያ ቡና በሴኮንዶች ውስጥ አልቋል።

ሁሉም ግን አሮጌ አይደለም፤ ይህን አውቆ መሄድ ያሻል። ከሐይቁ ደቡብ የቆመችው ሌይፌንግ ማማ በ1924 እ.ኤ.አ. ፈርሳ ነበር። ሕዝቡ ጡቧን ለመድኃኒትና ለበረከት እያለ ሲቦረቡራት ኖሮ አንድ ቀን ተናደች። ዛሬ የምትታየው በ2002 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀች፣ ሊፍት ያላት የብረት ሕንፃ ናት፤ ፍርስራሹ ከሥሯ በመስታወት ተከልሎ ይታያል። ሄፋንግ የሚባለው አሮጌ ገበያም ታድሶ የቱሪስት መንገድ ሆኗል፤ እዚያ የሚሸጠው ማራገቢያ ዪዉ ላይ በሲሶ ዋጋ እንደሚገኝ የልደታዋ እትዬ ሳይሄዱ ይነግሩሃል። አንዳንድ ጎብኚ «ውሸት ነው» ብሎ ይቆጣል። እኔ ያን ያህል አልቆጣም። ልደታ ዙሪያ የነበረው የጭቃ ቤት መንደር ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ተነሥቶ በቦታው ኮንዶሚኒየምና የገበያ ሕንፃ ሲተከል፣ ይህ ነበር ብሎ የሚያሳይ አንድ ግቢ እንኳ በመስታወት አልተከለለም። ፍርስራሹን ከሥር ያስቀመጠ ቢያንስ አንድ ነገር አስቀምጧል።

አንድ ሌላ ውሳኔም ለኛ ትምህርት አለው። ከተማዋ በ2002 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ዳር ያሉትን መናፈሻዎች አጥር አንስታ መግቢያቸውን ነፃ አደረገች። ከትኬት የሚገኘው ገቢ ቀረ፤ ጎብኚው ግን አንድ ሌሊት ጨምሮ ማደር፣ መብላት፣ መግዛት ጀመረ። በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሐይቁን ሲመዘግበው ዙሪያው ለሁሉም ክፍት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መናፈሻ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መግቢያው ስንት ነው?» እንደሆነ አይዘነጋም።

ወደ ራሳችን ጎብኚ ስንመለስ፣ እየተበራከተ መጥቶ ነበር ኮሮና የመጣው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ቻይና በሯን ዘጋች። በቀጣዩ ወር ጓንዡ ውስጥ አፍሪካውያን ከኪራይ ቤታቸውና ከሆቴል ተባረው መንገድ ላይ ማደራቸው ብዙውን ሰው አስከፋ፤ ያ ቅሬታ በቀላሉ አልሻረም። በሩ የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. በገና ማግስት ነው፤ የቱሪስት ቪዛ መሰጠት የጀመረው ደግሞ መጋቢት ላይ። ከዚያ ወዲህ የሚታየው ለውጥ ሁለት መልክ አለው። ወጣቱ፣ ቪዲዮ አይቶ የጓጓው፣ «ሻንግሃይና ሃንግዡ» ብሎ ለይቶ ይጠይቃል፤ ነጋዴዎችም ልጆቻቸውን ወይም ባለቤታቸውን አስከትለው አንድ ሁለት ቀን መጨመር ጀምረዋል። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብዙ ዕቅድ የዚያን ሳምንት ተሰረዘ። ቻይና ለበርካታ አገሮች ቪዛ ስታነሳም እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም። ስለዚህ ከኛ ለማየት ብቻ የሚሄደው ሰው ዛሬም ጥቂት ነው። የሚበዛው በጉዳይ ሄዶ ሁለት ቀን የሚሰርቀው ነው፤ እኔም በዚህ መንገድ የሚያድግ ይመስለኛል።

ለዚያ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። ገንዘብ በስልክ ነው የሚከፈለው፤ የውጭ ካርድ ከአሊፔይ ወይም ከዊቻት ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ ግን አዲስ አበባ እያለህ ሞክረው። ቴሌግራምና ፌስቡክ እዚያ አይከፈቱም፤ ለእናትህ ዊቻት ሳትጭንላት ከሄድክ ሳምንት ሙሉ ታለቅሳለች። ፆም ላይ ከሆንክ አትጨነቅ፤ የቡድሃ ገዳማት አጠገብ ያሉ ምግብ ቤቶች ሥጋም ሆነ ቅቤ አይነኩም፣ የሊንግዪን ኑድል ለሁዳዴ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ፊኒክስ የሚባለው ጥንታዊ መስጊድ መሃል ከተማ አለላቸው። ሰው ፎቶ እንነሳ ብሎ ቢከብህ ደግሞ በየዋህነት ነው።

ጊዜውን መምረጥ ግን ከሁሉ ይበልጣል። በኛ መስቀል ባለፈ በቀናት ውስጥ፣ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ፣ ቻይና ሙሉ ሳምንት በዓል ላይ ናት። ያን ሳምንት «ነጭ እባብ» በሚባለው የቻይናውያን ተረት ፍቅረኞቹ ተገናኙበት የሚባለው የሐይቁ «የተሰበረው ድልድይ» ላይ መራመድ አይቻልም፤ ሰው ነው የሚሸከምህ። የመኸሩ የካንቶን ትርኢት የሚከፈተው በኦክቶበር አጋማሽ ስለሆነ ነጋዴው ሳያስበው ከግርግሩ ያመልጣል። ትርኢቱን ጨርሶ፣ ዪዉ ወርዶ፣ ወደ ሻንግሃይ ሲመለስ ሃንግዡ ላይ ሁለት ሌሊት ቢያድር የሚጨምርበት ወጪ የሆቴሉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ባቡሩን ለማንኛውም ይከፍለዋል። ብዙዎች ሦስተኛ ቀን ካለህ ሱዡ ሂድ ይላሉ። እኔ ብጠየቅ ሱዡን አስቀራለሁ፤ የአትክልት ቦታዎቿ በግንብ የታጠሩ ጠባብ ግቢዎች ስለሆኑ ሰው ሲበዛባቸው ያፍናሉ። ሦስተኛውን ቀን እዚያው የሻይ መንደሩ ዳገት ላይ ባሳልፈው እመርጣለሁ። መኸር ላይ ድስቱ አይጣድም፤ ሰውም አይበዛም፣ ሻዩ ግን አለ።